ነጥቡ ታርሟል

ከደብረ ብርሃን ተነሥቼ መሐል ሜዳ የገባሁ ለት፣
በሻንጣዬ ኮምፒውተር፣ በኪሴ ፍላሽ፣ በአፌ ትምህርት፣
ውርጩ ጆሮ ይቆርጥ ነበር።
ራዲዮ ጣቢያው ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ ግድግዳው የእንቁላል ካርቶን፣
ሌላው ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣
በባና የተጠቀለለ አንድ ሰው፦ አዘጋጁ ሸዋንግዛው።

“የመንግሥት መረጃ ነው” አልኋቸው፣ “ማንም ሊያየው የተፈቀደ፤
ያልከፈላችሁበት እውነት፣ ከቢሮ መደርደሪያ የወረደ።”
ካርታውን ግድግዳው ላይ ጣልሁት፤ ወረዳው በነጥብ ተሞላ፤
አረንጓዴው የሚቀዳ ጉድጓድ፣ ቀዩ ፓምፑ የተበላ።
ስለ ግራፍም ተናገርሁ፤ ስለ አጭርና ረጅም ዓምድ፣
ከዜሮ ሳይነሣ ቆሞ ዓይን ስለሚያታልል ግንድ።

“እስከ ዛሬ የእኛ ዜና” አለ ሸዋንግዛው፣ “ስብሰባ ነበር።
‘ተገለጸ’፣ ‘ተጠቆመ’፣ ‘ተመለከተ’ ስንል ነው የምናድር።
ማን እንደገለጸ እንጂ ምን እንደሆነ አንጠይቅም።”
ማንያህልሻል ትጽፋለች። ጌጤነህ ያዛጋል፤ አይደብቅም።

መብራት ሄደ።
ወረዳው በሙሉ ከግድግዳው ላይ ጠፋ።

ሸዋንግዛው ባናውን ሰብስቦ፦ “ወንድሜ፣ ራዲዮ ዓይን የለውም፤
ቀለሙን በድምፅ ላውራው ብል፣ አንደበቴ አያውቀውም።
በሬ ጠምዶ ለሚሰማኝ፣ ስልኩን ቀንበር ላይ አንጠልጥሎ፣
‘ሠላሳ ሦስት ነጥብ ሦስት በመቶ’፣ ምን ሊሆነው ተብሎ?”

መልስ አልነበረኝም።
ትምህርቴ የተሰፋው ለዓይን ብቻ ነው።

ከጨለማው ውስጥ ማንያህልሻል፦
“ሦስት ሴቶች እንበላቸው፤ ጀሪካን ያዘሉ ሦስት።
ሁለቱ ቀድተው ተመለሱ፤ አንዷ ቆማ ቀረች ከፓምፑ ፊት።
የተቆጠረውም አምና፣ በጥቅምት መሆኑ ይነገር፤
ማን እንደቆጠረው ጭምር፤ ያልተደረሰበትም መንደር።”

ሐሙስ ማታ ዜናው ወጣ። ሙዚቃው ሳይገባ ገና፣
ስልኩ ጮኸ፤ ጎርናና ድምፅ፦ “ከፍያለው ነኝ፣ ጤና
ይስጥልኝ። ከጥንጁት በር። ከደጄ ያለው ጉድጓድ
በእናንተ ካርታ ምን ይላል?”
ፈለግነው። “አረንጓዴ ነው።”
“እንግዲያስ ኑና ጠጡት።”

በነጋታው ከጌጤነህ ጀርባ፣ በሞተር፣ ሁለት ሰዓት ዳገት፣
እጄ ደንዝዞ፣ ጓሳው ነጭ፣ አመዳይ ጤዛ ረግፎበት።
ደረስን።
ፓምፑ እጀታ የለውም። እጀታው በነበረበት
ጠፍር ታስሯል፤ ሸረሪትም ድሯን አድርታበት።
ከፍያለው ዱላውን ተደግፎ፣ ሳይቆጣ፣ ሳይስቅም፦
“ቆጣሪው ልጅ መጥቶ ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፣ አይዋሽም።
በመጣ ለት ይሠራ ነበር።
በሳምንቱ ቆመ። ማን ይመለስ?”

ካርታዬ አልዋሸም፣ አርጅቶ ነው።
ይህን ሳላውቅ ያስተማርሁባቸውን ከተሞች
እስክንመለስ ድረስ በልቤ ቆጠርኋቸው።

ማንያህልሻል ደብዳቤ ጻፈች፤ ፎቶ፣ ቀን፣ የቦታ ቁጥር።
ቢሮው በወሩ መለሰ፣ ያለ ቅሬታ፣ ያለ ክርክር፦
“ስለ ጥቆማችሁ እናመሰግናለን፤ ነጥቡ ተስተካክሏል።”
ከፍተን አየነው። እውነት ነው፤ ጥንጁት በር ቀይ ሆኗል።

ሸዋንግዛው ሳቀ፣ ሳል እስኪያንቀው።
እሷ አልሳቀችም።

እኔም ትምህርቴን ቀየርሁ። አሁን ሌላ ከተማ ስገባ
ማብሪያውን አልነካም ቶሎ፤ ኮምፒውተሩም ይቆይ ሻንጣ።
አስቀድሜ እጠይቃለሁ፦
“ከእናንተ ሰፈር የትኛው አረንጓዴ ደርቋል?”
ሁሌም እጅ የሚያነሣ አለ።

መሐል ሜዳ ግን፣ ሐሙስ ማታ፣ ዜናው ባለቀ ቁጥር፣
ጌጤነህ ሙዚቃውን ያዝ አድርጎ፣ እሷ ቀስ ብላ ስትናገር፣
ወቀሳ አይደለም ድምጿ፤ እንደ አየር ትንበያ ነው፦
“የጥንጁት በር ጉድጓድ።
ነጥቡ ታርሟል።
ጠብ ያለ ነገር የለም።”